በእትዬ ሰነውበር ምላስ ሥር

የእትዬ ሰነውበርን ጥርስ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ጥርሱ በእርግጥ ተበልቶ ነበር፤ ራጁም ላይ ጠቁሮ ይታያል። ይሁን እንጂ ያሠቃያቸው የነበረው እሱ አልነበረም። ይህን ያወቅኩት በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ ኢስፋራ በምትባለው ከተማችን ባለችው ጠባብ ክሊኒኬ በር ላይ ሻሻቸውን አገጫቸው ድረስ ጠምጥመው ቆመው ሳያቸው ነው።

«ዶክተር መህራንጌዝ» አሉኝ፤ «ያ የነቀልሽው ጥርስ ምንም አላጠፋም። ያለ ወንጀሉ ነው የሞተው።»

«ይግቡ እትዬ፤ ይቀመጡና ልየው።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? አሁን እኮ የለም። ሐኪም ፊት ስቀርብ ይጠፋል። ሌባ ነው።»

አገጫቸውን ዳሰስኩ፤ እውነታቸውን ነው፣ እብጠት የለም። የተነቀለው ቦታም ጥሩ አድርጎ ድኗል።

እትዬ ሰነውበርን በከተማችን የማያውቅ የለም። ኀምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። በበጋ የአፕሪኮት ፍሬ ማድረቂያው ግቢ ውስጥ የሠላሳ ሴቶች አለቃ ናቸው። ሰው ሲሞት ደግሞ ሙሾ የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። የሟቹን ስም፣ የአባቱን ደግነት፣ የተከለውን ዛፍ ሳይቀር በግጥም ሲያነሡት የደረቀ ዓይን አይገኝም። አባቴ የሞተ ጊዜ ያስለቀሱኝ እሳቸው ናቸው፤ እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማልቀስ አቅቶኝ ነበር።

ያ ሕመም ከጀመራቸው ስምንት ወር ሆኖታል። መጀመሪያ ያያቸው ሐኪም «ንፍፊት ነው» ብሎ መርፌ አዘዘላቸው። ቀጥሎ እኔ ጥርስ ነቀልኩ። ከእኔ በኋላ የሄዱበት የከተማ ቀዶ ሐኪም ከመንጋጋቸው ሥር የጠነከረ ነገር ዳስሶ፣ የምራቅ ዕጢው ታሟልና በአንገት በኩል ተከፍቶ ከነሥሩ ይውጣ ብሎ በሰኔ መጨረሻ ቀጠራቸው።

«ከንፈርዎ ሊጣመም፣ ምላስዎም ሊደነዝዝ ይችላል አለኝ» አሉ እትዬ ሰነውበር። «ሳይደብቅ ስለነገረኝ እግዜር ይስጠው። ግን ምላሴ ከደነዘዘ ለሟች ምን ላድርግለት? ቆሜ ላጨብጭብ?»

ወንበሬን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያልጠየቅኩት ነገር እንዳለ ታውቆኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ገና አልመጣልኝም ነበር። «እትዬ፣ እብጠቱ የሚመጣው መቼ ነው?»

«ስበላ።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ። ማዕድ ቀርቦ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ይጀምራል። አንድ ጉርሻ ስውጥ እዚህ ጋ እንቁላል ያህል ይነሣል፤ ሕመሙ እስከ ጆሮዬ ይወጣል። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ይሟሽሻል።»

«ይህን ለሌሎቹ ሐኪሞች ነግረዋቸዋል?»

«ማን ጠየቀኝ? ሁላችሁም የት ያምዎታል ነው የምትሉት። መቼ የሚል አላጋጠመኝም።» ቀና ብለው አዩኝ። «አንቺም አልጠየቅሽኝም።»

አልጠየቅኩም። ይባስ ብሎ እሳቸው ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ከማለዳ ጀምሮ ምንም አይቀምሱም፤ ጠግቦ ሐኪም ፊት መቅረብ ነውር ይመስላቸዋል። ስለዚህ እብጠቱን በዓይኑ ያየ ሐኪም አልነበረም።

«እዚሁ እፊቴ ይብሉልኝ» አልኳቸው።

ተነሡ። «ሰው ፊት አልበላም።»

ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ የሚያወራው ነገር በራሴ ውስጥ ቦታ ቦታውን ያዘ። የእትዬ ሰነውበር አንድ ልጅ ሩሲያ ግንበኛ ነው። ሾኢስታ የምትባል ልጅ አግብቶ በሁለተኛው ወር ወደ ሥራው ተመለሰ። ሙሽሪት ከአማቷ ጋር ቀረች። ከዚያ ወዲያ የሚወራው ይህ ነው፦ አማት የምራታቸውን ምግብ ንቀዋል፤ ቀምሰው ይገፉታል፤ ልጅቱም በረዷማውን ክረምት ሙሉ ስታለቅስ ቆይታ በመጋቢት ልብሷን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ጠላቶቻቸው «ሰው ታስለቅስ የለ፣ ምራቷንም አስለቀሰች» ብለው ቀልደውባቸዋል።

«ሾኢስታ የሄደችው በዚህ ምክንያት ነው?» አልኳቸው።

ሻሻቸውን ፈትተው እንደገና አሰሩት። «ምን ልበላት? የሠራሽውን ስቀምስ እንደ እንቁራሪት አብጣለሁ ልበላት? ሠርጉ ባለፈ በሳምንቱ ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ዓይን በላኝ አልኩ። ኋላ ክፉ በሽታ ነው ብዬ ፈራሁ። ቤቴን ገና ለለመደች ልጅ ሬሳዬን ላሸክማት ነው? ባትወደኝ ይሻላል ብዬ ዝም አልኩ።»

ጓሮ ወጣሁ። ወሩ ግንቦት ስለነበር ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው የአፕሪኮት ዛፍ ገና አረንጓዴ ፍሬ ተሸክሟል። አራት ቀጠፍኩ፤ ጨው በወረቀት ይዤ ተመለስኩና እፊታቸው አኖርኩ።

«እትዬ፣ ያለ ጥፋቱ የነቀልኩት ጥርስ አለብኝ። ዛሬ ካላሳዩኝ ሌላ እነቅላለሁ።»

እየሳቁ ተቀመጡ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ አንዱን ጨው ነክተው ነከሱት። የቆመጠጠው ነገር የእኔን ምራቅ ሳይቀር አመጣው። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ በግራ መንጋጋቸው ሥር ቆዳው ተነፋ፤ እርሾ እንደገባበት ሊጥ ከፍ ከፍ አለ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አሁን አፍዎን ይክፈቱልኝ፤ ምላስዎን ወደ ላይ።»

ከምላስ ሥር፣ በመሐል ጅማቱ ግራና ቀኝ፣ ምራቅ የሚፈስባቸው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የቀኙን ዕጢ ከውጭ ጫን ስለው ከቀዳዳው ጥርት ያለ ምራቅ ኩልል ብሎ ወጣ። የግራውን ስጫነው ጠብ የሚል ጠፋ። አንድ ጣቴን በአፋቸው ውስጥ፣ ሌላውን ከአገጫቸው ሥር አድርጌ ቦታውን ከኋላ ወደ ፊት ቀስ እያልኩ ዳበስኩት። ከፊት ጥርሶቹ ብዙም ሳይርቅ አንድ ደረቅ ነገር ጣቴን ገፋው። በምስር ውስጥ እንደሚገኝ ጠጠር ነበር።

ትንሿን የራጅ ፊልም በላይኛውና በታችኛው ጥርሳቸው መካከል አጋድሜ አስነከስኳቸውና ከአገጭ ሥር አነሣሁ። ፊልሙ ሲወጣ ሞላላ ነጭ ፍሬ ታየ፤ ርዝመቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ነው። መስኮቱ ላይ አድርጌ አሳየኋቸው።

«ይኸውልዎት ሌባው። ከምራቅ ውስጥ ያለው ኖራ እየተጋገረ ጠጠር ሠርቷል። ምግብ ሲሸትዎ ዕጢው ምራቅ ይለቃል፤ ቱቦው ተደፍኗልና መሄጃ ያጣል፤ ዕጢው የሚነፋው ለዚህ ነው። ክፉ በሽታ አይደለም።»

ፊልሙን ለረጅም ጊዜ አዩት። «እቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ምራቴን ያባረረችው ይቺ ናት?»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ኹጃንድ ከተማ ላሉት መምህሬ ለዶክተር ቃሂሮቭ ደወልኩ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ዛሬም በሳምንት ሁለት ቀን ያስተምራሉ። ያየሁትን ሁሉ ነገርኳቸው።

«በጣትሽ ዳሰስሻት?»

«ዳሰስኳት።»

«በጣት የምትዳሰስ ከሆነ በአፍ ትወጣለች። ለዚህች አንገት መክፈት ምን አመጣው? ከኋላ፣ ዕጢው ውስጥ ብትሆን ሌላ ነገር ነበር። በይ እስከዚያ ውኃ አጠጪያቸው፣ ቆምጣጣ ያኝኩ፣ ሙቅ ጨርቅ ያድርጉ፣ ዕጢውን ከኋላ ወደ ፊት ይሹት። አንዳንዴ ራሷ ገፍታ ትወጣለች። በሁለት ሳምንት ካልወጣች ይዘሻቸው ነይና ታወጪያታለሽ።»

«መምህር፣ እኔ? አውጥቼ አላውቅም እኮ።»

«እኔም ከመጀመሪያዬ በፊት አውጥቼ አላውቅም ነበር። አጠገብሽ እቆማለሁ።» ስልኩን ዘጉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ መጽሐፎቼን ከሣጥን አወጣሁ። የምላስ ነርቭ ቱቦውን ከሥር ተሻግሮ የሚያልፍበትን ቦታ በእርሳስ ደጋግሜ ሣልኩት። ገበያ ሄጄ የበግ መንጋጋ ገዛሁና ከምላሱ ሥር ያለውን ቱቦ እየፈለግኩ ሰፋሁ፣ ቀደድኩ፣ እንደገና ሰፋሁ። ባሌ ከወጥ ቤት አባረረኝ፤ በረንዳ ላይ ቀጠልኩ። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ነበር፤ ሁለተኛ እንዲደገም አልፈቀድኩም።

እትዬ ሰነውበር ያደረጉትን ግን የሰማሁት ከሳምንት በኋላ፣ ከራሷ ከሾኢስታ አፍ ነው። ፊልሙን በመሐረብ ጠቅልለው የልጅቱ አባት ቤት ይሄዳሉ። ውኃ ሲያቀርቡላቸው አይጠጡም፤ ዳቦ ሲቆረስላቸው አይነኩም። የቤቱ ሰዎች ለጠብ የመጡ መስሏቸው ፊታቸውን ያኮማትራሉ። እሳቸው ፊልሙን አውጥተው ለሾኢስታ ይሰጧታል።

«ወደ ብርሃኑ ያዢው» አሏት። «ነጯን ፍሬ አየሻት? ስምንት ወር ያሠቃየችኝ፣ የሠራሽልኝንም ምግብ የከለከለችኝ እሷ ናት። ምግብሽ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኩራቴ አፌን ያዘኝ። እንድትመለሺ ለማስገደድ አልመጣሁም። እንድታውቂ ነው።»

ሾኢስታ ፊልሙን ይዛ ቆመች። ከዚያ እናቷን፣ «ሾርባ አለ?» ብላ ጠየቀች። አንድ ጎድጓዳ ሳህን አምጥታ አማቷ ፊት አኖረችና «ልየው» አለቻቸው። እትዬ ሰነውበር በሰው ሁሉ ፊት በሉ። እብጠቱ ተነሣ። ሾኢስታ እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው።

«እንዴት አስፈራኝ መሰለዎት» አለችኝ ስትነግረኝ። «እኔ እኮ እጄ የተረገመ መስሎኝ ነበር። ሩዝ ስቀቅል ሁሉ እያለቀስኩ ነበር የምቀቅለው።»

በማግስቱ ልብሷን ይዛ ተመለሰች፤ ጠዋትና ማታ ዕጢውን የምታሸው እሷ ሆነች።

ነገሩ ግን ወዲያው አልተቃናም። በሰኔ መጀመሪያ አፕሪኮቱ ደረሰ። እትዬ ሰነውበር ማድረቂያው ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ውለው፣ ለሠላሳ ሴቶች ውኃ እያስቀዱ ራሳቸው ሳይጠጡ ይመለሱ ጀመር። በአራተኛው ቀን ሾኢስታ ደግፋ አመጣቻቸው። ፊታቸው ቀልቷል፣ ትኩሳታቸው ሠላሳ ዘጠኝ ነው፤ ዕጢውን ስነካው ከቀዳዳው መግል ወጣ።

«ምን አልኩዎት ስለ ውኃ?» አልኳቸው።

«ጠጥቻለሁ።»

«ስንት?»

የመለሰችልኝ ሾኢስታ ናት። «አንድ ሲኒ ሻይ። እሱንም ግማሹን ለድመቷ ነው ያፈሰሱት።»

«አንቺ ምራት ነሽ ወይስ ሰላይ?» አሉ እትዬ ሰነውበር ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

መድኃኒት ጀመርኩላቸው፤ የዕጢው ቁጣ ሳይበርድ መንካት አይቻልም። በሦስተኛው ቀን እቤታቸው ሄጄ ሳያቸው ቁጣቸውም ተስፋቸውም አልቆ ነበር። «ልጄ፣ ይብቃን። ቀዶ ሐኪሙ ቀጥሮኛል፤ ይቁረጠውና ልገላገል። ምላሴም ቢደነዝዝ ሌላ ሙሾ አውራጅ ይገኛል።»

«አይገኝም» አልኳቸው። «ትኩሳቱ ዛሬ ወርዷል። መግሉ ቆሟል። ጠጠሯ ካለችበት አልተነቃነቀችም፤ አሁን ዳስሻታለሁ። እትዬ፣ አምስት ቀን ይስጡኝ። በአፍ በኩል ካቃተን እኔው ራሴ ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ አደርስዎታለሁ፤ እሱም ስህተተኛ አይደለም፣ አንዱ መንገድ እሱ ነው። ግን አጭሩን ሳንሞክር ረጅሙን አንጀምርም።»

ሾኢስታ በሊትር ጠርሙስ ውኃ ቀድታ ገባች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «እስኪያልቅ ድረስ አልነሣም» አለች። ጠርሙሱ ባዶ እስኪሆን ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ኹጃንድ የሄድነው ማክሰኞ ነው። መምህሬ ጓንታቸውን አጥልቀው ሲጠብቁን አገኘናቸው። ጠጠሯን ራሳቸው ዳሰሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከመጀመሬ በፊት ለእትዬ ሰነውበር እውነቱን ነገርኳቸው።

«ይህን ሥራ በሰው ላይ ሠርቼ አላውቅም። መምህሬ አጠገቤ ናቸው። እርስዎ እሳቸው ይሥሩት ካሉ፣ መምህሬ ይሠሩታል፤ ቅር አይለኝም።»

እትዬ ሰነውበር ሽማግሌውን አዩ፤ እኔን አዩ። «ጥርሴን ስትነቅዪ እጅሽ አልተንቀጠቀጠም። ያን ቀን የተሳሳተው ጭንቅላትሽ ነው። እሱ ደግሞ ተቀጥቷል። ሥሪው።»

ማደንዘዣውን ወጋሁ። ምላሳቸው ወደ ቀኝ ተስቦ ተያዘ። መጀመሪያ ያደረግኩት ከጠጠሯ ኋላ ክር አሳልፌ ቱቦውን ማሰር ነበር፤ ካልታሰረ ጠጠሯ በጣት ስትነካ ወደ ዕጢው ትሸሻለች፣ ከዚያ ወዲያ አትገኝም። መምህሬ ክሩን አይተው «ጠበቅ፣ ግን አትቁረጪው» አሉኝ። ከዚያ በጠጠሯ አናት ላይ የምላስ ሥሩን ስስ ሥጋ በርዝመቱ ከፈትኩ። ደም አለ፤ ተጠረገ። ሐመር ግራጫ ቱቦ ብቅ አለ፤ ውስጡ ያለው ነገር ከሥር አሳብጦታል። በምላጩ ስነካው ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ብረት ድንጋይ ሲነካ።

«እሷ ናት» አሉ መምህሬ። «አትቸኩዪ።»

ጫፏ ብቅ አለ። በመቆንጠጫው ልይዛት ስል አዳለጠችኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ወደ ኋላ ስትንሸራተት ክሩ ላይ ደርሳ ቆመች። መቆንጠጫውን አስቀምጬ ትንሽ ማንኪያ መሳይ መሣሪያ አነሣሁና ከሥሯ ገብቼ ገፋኋት። ወጣች። ቢጫ ናት፤ ሸካራ፤ አንደኛው ጫፏ ሾሏል። ክሩን ስፈታው ሲታፈን የከረመው ምራቅ መጀመሪያ ደፍርሶ፣ ቀጥሎ ጠርቶ አፋቸውን ሞላው። መምህሬ የምራቅ መሳቢያውን ቱቦ አቀበሉኝ። የቱቦውን ከንፈሮች ከአፋቸው ሥጋ ጋር በሦስት ስፌት አያያዝኩ፤ ቀዳዳው ሰፍቶ እንዲቀር። አርባ ደቂቃ ወሰደ።

እትዬ ሰነውበር ጠጠሯን በመዳፋቸው ተቀብለው አገላበጧት። አፋቸው በማደንዘዣ ስለተያዘ ቃሉ ተድበስብሶ ወጣ። «ይቺን ታክል?»

«ይቺን ታክል።»

ለሾኢስታ ሰጧት። ሾኢስታ አሽትታ ፊቷን አጨማደደችና በጨርቅ ጠቀለለቻት።

የምላሳቸው ግራ ጫፍ ሦስት ሳምንት ደነዘዘ። እኔ ያን ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አልተኛሁም፤ በየሁለት ቀኑ በመርፌ ጫፍ እየነካሁ «ይሰማዎታል?» እላቸዋለሁ። «ይሰማኛል እንድልሽ ነው ወይስ እውነቱን?» ይሉኛል። በመሐል አንድ አሮጊት ሞተው ተጠሩ። ሄዱ። ሴቶቹ እንደነገሩኝ አንዳንዱ ቃል ወፈር ብሎ ወጣ፤ ይሁን እንጂ ሰው ልቅሶ ስላፈነው ነው የመሰላቸው፣ ይልቁንም የባሰ አስለቀሳቸው። በሃያ ሦስተኛው ቀን በመርፌዬ ስነካቸው እጄን በጥፊ መቱት። ምላሳቸው መዳኑን ያኔ አወቅኩ።

የከተማውን ቀዶ ሐኪም ራሴ ደውዬ ቀጠሮው እንዲሰረዝ ነገርኩት። በአፍ መውጣቱን ሲሰማ ራጁን ላኪልኝ አለኝ፤ ላክሁለት።

በነሐሴ እቤታቸው ለምሳ ጠሩኝ። ሾኢስታ ኦሽ ሠርታለች፤ ሩዙ በካሮትና በበግ ሥጋ ተከምሮ መጣ። ሦስታችን ዙሪያውን ተቀመጥን። እትዬ ሰነውበር ጎረሱ። ዓይኔ ከመንጋጋቸው ሥር አልተነቀለም፤ ቆዳው እንደተኛ ነው። ደግመው ጎረሱ። አኝከው ዋጡና ወደ ምራታቸው ዞሩ።

«ሾኢስታ።»

«አቤት እማማ።»

«ይህ ኦሽ ጨው በዝቶበታል።»

ሾኢስታ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አልበዛበትም።»

«በዝቶበታል። የሩዙም ውኃ አንሷል፤ እህሉ ጥርስ ላይ ይቀራል።»

«ያን ሁሉ ወር ሳይበሉ ቆይተው ዛሬ ገና ማውራት ጀመሩ?»

«ለዚህ እኮ ነው የተቆረጥኩት» አሉ እትዬ ሰነውበር፤ ሳህናቸውን ለጭማሪ እየገፉላት።

ሾኢስታ እያጉረመረመች ከመሐል፣ ሥጋ ካለበት በኩል ጨመረችላቸው። እኔም ቀመስኩት። እውነት ለመናገር ጨው በዝቶበታል፤ እኔ ግን በዚያ ክርክር ውስጥ አልገባሁም።